ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፦ የአጃ ኩኪስ ሳይንስ ከኡንተርሊደርባህ እስከ አዲስ አበባ

ኡንተርሊደርባህ በፍራንክፈርት አም ማይን ምዕራባዊ ክፍል፣ ከሆኽስት የኢንዱስትሪ መንደር አጠገብ የምትገኝ ጸጥ ያለች ሰፈር ናት። በእነዚህ አካባቢዎች ኬሚስትሪ የዕለት ተዕለት ጎረቤት ነው። እ.አ.አ. በ1863 በሆኽስት የተመሠረተው የቀለምና የመድኃኒት ፋብሪካ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1963 የተከፈተው ታላቅ አዳራሽ ዛሬም በኡንተርሊደርባህ ቆሞ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ኬሚስትሪ ግን በፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን በአንዲት እናት ኩሽና ውስጥ የተከናወነ ነው።

በታኅሣሥ ወር መግቢያ ላይ በሰፈሩ የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቃት በሄድኩበት ዕለት፣ በማቀዝቀዣዋ በር ላይ ከልጇ ትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የጀርመን ልደት ከመግባቱ በፊት ባሉት አራት የአድቬንት ሳምንታት ቤተሰብ ተሰብስቦ ትንንሽ ኩኪሶችን መጋገር በአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ወረቀቱም ወላጆች ለክፍሉ በዓል በቤት የተጋገረ ኩኪስ እንዲልኩ ይጠይቃል። ችግሩ እነዚያ ሳምንታት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ከሚዘልቀው ጾመ ነቢያት ጋር መገጣጠማቸው ነው። የስምንት ዓመቷ ልጅ ዘንድሮ ከእናቷ ጋር ለመጾም ወስናለች፤ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብላ ራሷ ያመጣችውን ለመብላትም ትፈልጋለች። ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት፣ ነገር ግን ጀርመናውያን ልጆችም ወደውት የሚበሉት ኩኪስ ያስፈልጋል።

የአክስቴ ልጅ አንድ የአጃ ኩኪስ አሠራር አግኝታ ሞክራ ነበር። እንቁላሉን ተወችው፤ በ125 ግራም ቅቤ ፈንታ 125 ግራም ዘይት ጨመረች። ከኦቨን የወጣው ግን ጠርዙ የከሰለ፣ መሐሉ በዘይት የራሰ፣ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ አንድ ወጥ ነገር ነበር። ልጅቷ ትሪውን ተመልክታ «እማዬ፣ ይሄ ኩኪስ ነው ወይስ እንጀራ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ቢያስቅም ቁም ነገር አለው። ኩኪስ እንደ እንጀራ እንዳይዘረጋ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ቅቤና እንቁላል ምን ይሠሩ ነበር?

ከአሠራር ውስጥ አንድን ነገር ከማውጣታችን በፊት ሥራው ምን እንደነበር ማወቅ ይገባል። በጀርመን የሚሸጥ የገበታ ቅቤ ቢያንስ 82 በመቶ ስብ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ በ125 ግራም ቅቤ ውስጥ ያለው ስብ 102 ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ስብ ነው። ቅቤን በእኩል ክብደት ዘይት የተካ ሰው ሳያውቀው ከ20 ግራም በላይ ተጨማሪ ስብ ጨምሯል፤ ውሃውንም ቀንሷል።

ሁለተኛው ልዩነት በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ቅቤ በቤት ሙቀት የረጋ ስለሆነ ሊጡ ኦቨን ውስጥ ገብቶ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እስኪሞቅ ድረስ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ዘይት ግን ከመጀመሪያው ፈሳሽ ስለሆነ ሊጡ ለመንሸራተት ሙቀት መጠበቅ አያስፈልገውም።

እንቁላል ደግሞ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ፕሮቲንና ስብ ነው። ፕሮቲኑ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይረጋል፤ በሊጡ ውስጥም እንደ መረብ ሆኖ ሌላውን ሁሉ ያያይዛል። እንግዲህ በአንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ቅርጽ የሚጠብቀው ቅቤም፣ ኋላ የሚያረጋው እንቁላልም ሲወጡ ሊጡ የሚይዘው አጣ። የአክስቴ ልጅ ኩኪስ የተዘረጋው በእጇ ጥፋት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነበር።

የምናውቃት ተልባ

መፍትሔው ከእናቶቻችን ጓዳ የራቀ አይደለም። ተልባ በውሃ ሲበጠበጥ የሚያወጣውን ልጋግ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ይህ ልጋግ በፍሬው ቅርፊት ውስጥ ከሚገኙ ረጃጅም የካርቦሃይድሬት ሞለኪውሎች የሚመጣ ነው። ሞለኪውሎቹ ውሃን በብዛት ይይዛሉ፤ እርስ በርሳቸውም ተጠላልፈው ድብልቁን ያወፍሩታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ ማለትም 7 ግራም ያህል፣ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ለአሥር ደቂቃ ቢቆም የአንድ እንቁላልን ቦታ ይይዛል።

እዚህ ላይ ልዩነቱን መገንዘብ ያሻል። የተልባ ልጋግ እንደ እንቁላል በሙቀት አይረጋም፤ ውሃን ይዞ ያያይዛል እንጂ። ስለዚህ ከፍ ብሎ ለሚነፋ ኬክ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ዝቅ ብሎ ለሚጋገር ኩኪስ ግን በቂ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ሁለተኛ አጋር ስላለው ነው፤ እርሱም አጃ ነው።

አጃ፦ የአጥሚቱ እህል

አጃ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ለወላድና ለታመመ ሰው በሚቀርበው አጥሚት እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ ስሟ በሳይንሳዊ መጠሪያው የተጻፈ የራሷ የአጃ ዝርያም አላት፤ አቬና አቢሲኒካ ይባላል። በደጋው አገር ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅለው ይህ ዝርያ 28 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት፣ በአውሮፓ የሚመረተው የተለመደው አጃ ግን 42 አለው። ሁለቱ የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው።

በጀርመን መደብሮች «ሃፈርፍሎክን» ተብሎ የሚሸጠው አጃ ከገለባው ተላቆ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ በብረት መዳመጫ ጠፍጥፎ የወጣ ነው። እንፋሎቱ ለማብሰል ብቻ የታሰበ አይደለም። አጃ ከሌሎች እህሎች ይልቅ ስብ የበዛበት ስለሆነ፣ ስቡን የሚበታትነው ኢንዛይም በሙቀት ካልተገደለ ፍሬው ከተሰበረ በኋላ በአጭር ጊዜ ይመርራል። አጃን ቆልተው የሚያስፈጩ እናቶችም ይህንኑ ኢንዛይም በእሳት ያሸንፉታል።

የአጃ ታላቅ ስጦታ ቤታ ግሉካን የተባለው የሚሟሟ የቃጫ ዓይነት ነው። በአጃ ውስጥ በአማካይ 4 በመቶ ያህል ይገኛል። እንደ ተልባ ልጋግ ሁሉ ውሃ ይጠጣል፤ ያወፍራል። ስለዚህ ሊጡ ከተለወሰ በኋላ 30 ደቂቃ በማቀዝቀዣ ቢቆይ አጃው ልቅ የሆነውን ውሃ ይመጣል፤ ሊጡም ይጠናል፤ በኦቨን ውስጥ መንሸራተቱ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ዕረፍት በቀጥታ ወደ ኦቨን የገባ ነበር።

ቤታ ግሉካን በቀን 3 ግራም ሲወሰድ የደም ኮሌስትሮልን ለመቀነስ እንደሚረዳ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ ይህ ኩኪስን መድኃኒት አያደርገውም። ከታች የምናቀርበው መጠን 150 ግራም አጃ ለ24 ኩኪስ ስለሚጠቀም፣ አንዱ ኩኪስ የሚይዘው ሩብ ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ነው። ሦስት ግራሙን ለማግኘት 12 ኩኪስ መብላት ሊያስፈልግ ነው፤ ከዚያም ጋር ከ75 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። ለጤና የታሰበ አጃ ቦታው አጥሚትና ገንፎ ነው፤ ኩኪስ የበዓል ምግብ ነው።

ሊጡን የሚነፋው ጋዝ

የኩኪስን ውስጥ የሚያለሰልሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ወዲያው፣ ሲሞቅ ደግሞ በራሱ ይህን ጋዝ ይለቅቃል። ቤኪንግ ፓውደር የሚባለው ሶዳውና ደረቅ አሲዱ ከስታርች ጋር አስቀድመው የተቀላቀሉበት ዱቄት ነው።

የዚህ ዱቄት ታሪክ የሚጀምረው ከፍራንክፈርት ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ በምትገኘው ዳርምሽታት እ.አ.አ. በ1803 የተወለደው ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ፣ በስተሰሜን በምትገኘው ጊሰን ከ1824 ጀምሮ ኬሚስትሪን በቤተ ሙከራ ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ኤበን ሆርስፎርድ በ1856 ለቤኪንግ ፓውደር የሚሆን ፎስፌት የፈጠራ መብት በአገሩ አወጣ። በ1890ዎቹ ደግሞ በቢለፌልድ ከተማ ፋርማሲ የነበረው አውጉስት ኦትከር ለ500 ግራም ዱቄት የሚበቃውን መጠን ለክቶ በትንሽ ከረጢት መሸጥ ጀመረ። በጀርመን ኩሽናዎች የምናያት ያቺ ትንሽ ከረጢት ዛሬም ያንኑ መለኪያ እንደያዘች ናት።

ለዚህ ኩኪስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል። በጀርመን «ናትሮን» ብለው ይሸጡታል። አሲድ ካላገኘ የሳሙና ጣዕም ስለሚተው አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል።

ስኳር፣ ደረቅ ፍራፍሬና ቸኮላት

አብዛኛው የአጃ ኩኪስ አሠራር የመጣው ከአሜሪካ ነው። በቸኮላት ቁርጥራጭ የሚሠራው ኩኪስም በ1930ዎቹ በማሳቹሴትስ የእንግዳ ማረፊያ ከነበራት ከሩት ዌክፊልድ ኩሽና የወጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አሠራር «ቡናማ ስኳር» ሲል ሞላሰስ ያረጠበውን ለስላሳ ስኳር ማለቱ ነው። በጀርመን በዚሁ ስም የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። ኩኪሱ ውስጡ እርጥብ እንዲሆን የሚያደርገው ያ እርጥበት ስለሆነ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስኳር ቤት ሽሮፕ መጨመር ይገባል። ሽሮፑ ጥቁርና ወፍራም ሲሆን በየመደብሩ አይጠፋም።

ዘቢብ፣ የተከተፈ ቴምር ወይም ደረቅ አፕሪኮት ከኦቨን በፊት ለአሥር ደቂቃ በለብ ያለ ውሃ ቢዘፈዘፍና በጨርቅ ቢደርቅ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። በደረቁ ከገባ ከሊጡ ውሃ ይስባል፤ ርሶ ከገባ ግን በማግሥቱም ኩኪሱን ያለሰልሳል። ፍሬው ላይ ላዩን ከወጣ ስኳሩ ቶሎ ስለሚያርር ወደ ሊጡ ውስጥ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል።

የቸኮላት ስብ የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ገደማ፣ ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። በአፍ ውስጥ የሚቀልጠውም ስለዚህ ነው። ለጾም የሚመረጠው ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮላት ነው። መለያውን ማንበብ ግድ ነው፤ በጥቁር ቸኮላትም ላይ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስብ የሚጨመርበት ጊዜ አለና። «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ወተት ተጨምሯል ማለት ሳይሆን፣ በዚያው ማሽን ወተት ያለበት ምርትም ያልፋል ማለት ነው። ለጾመኛው የመለየት ጉዳይ ሲሆን፣ የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን የጤና ጉዳይ ነው።

ወርቃማ እንጂ ጥቁር አይሁን

ኩኪስ ሲጋገር የምንወደውን ሽታና ቀለም የሚሰጠው ስኳርና የፕሮቲን ክፍሎች በሙቀት ሲዋሐዱ የሚከናወነው ለውጥ ነው። እ.አ.አ. በ1912 ባጠናው ፈረንሳዊ ሐኪምና ኬሚስት በሉዊ ካሚል ማያር ስም ይጠራል። በ140 ዲግሪ አካባቢ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሊጡ ውሃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙም ስለማያልፍ መጀመሪያ የሚጠቁረው ቶሎ የሚደርቀው ጠርዝ ነው።

ይህ ለውጥ ግን ሌላም ገጽ አለው። በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች ያለባቸው ምግቦች በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበሱና ሲጋገሩ አክሪላማይድ የተባለ ውህድ እንደሚፈጠርባቸው ይፋ አደረጉ። ውህዱ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ከተመደቡት ወገን ነው። የሚፈጠረው ከ120 ዲግሪ በላይ፣ ምግቡ እየደረቀ ሲሄድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ አምራቾች መጠኑን እንዲቀንሱ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል፤ ለብስኩት ያስቀመጠው ማነጻጸሪያም በኪሎ 350 ማይክሮግራም ነው። በቤት የሚጋግር ሰው የሚለካበት መሣሪያ ባይኖረውም ዓይን አለው። ቀለሙ ወርቃማ ሲሆን ማውጣት ነው። በጀርመን የበዓል ኩኪሶች ላይ የሚጨመረው የአሞኒያ ጨው አክሪላማይድን ስለሚያበዛ በእርሱ ምትክ ሶዳ መጠቀም ይሻላል።

መጠኑና አሠራሩ

ለ24 ኩኪስ የሚያስፈልገው፦

- 150 ግራም ደቃቅ የተዳመጠ አጃ
- 125 ግራም የስንዴ ዱቄት (በጀርመን ቁጥር 405 የተጻፈበት)
- 110 ግራም ቡናማ ስኳርና 1 የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ
- 100 ግራም ወተት የሌለበት ማርጋሪን፣ 80 በመቶ ስብ ያለው፤ ወይም 80 ግራም ዘይትና 20 ግራም ውሃ
- 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 80 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮላትና 80 ግራም ደረቅ ፍራፍሬ

ማርጋሪኑን፣ ስኳሩንና ሽሮፑን አዋሕዶ መምታት፤ ተልባውንና ሎሚውን መጨመር። ዱቄቱን፣ ሶዳውን፣ ጨውንና ቀረፋውን በደረቁ ቀላቅሎ ማስገባት፤ ከዚያ አጃውን፣ ቸኮላቱንና ፍራፍሬውን። ብዙ ማሸት አያስፈልግም። ሊጡ 30 ደቂቃ በማቀዝቀዣ ካረፈ በኋላ ለ24 ተከፍሎ ይድቦለቦላል፤ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ በመካከላቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ተትቶ በመዳፍ ጠፍጠፍ ይደረጋል።

በላይና በታች ሙቀት ለሚሠራ ኦቨን 175 ዲግሪ፣ አየር ለሚያዞር ኦቨን 155 ዲግሪ ሆኖ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይበቃል። ሲወጣ መሐሉ ለስላሳ ሆኖ ቢታይ ስጋት አይግባችሁ፤ አሥር ደቂቃ በትሪው ላይ ሲቆይ ይጠነክራል። ለትምህርት ቤት ሲላክ ስንዴና አጃ እንዳለበት በክዳኑ ላይ መጻፍ ግሉተን ለማይስማማው ልጅ ደግ ሥራ ነው።

አሠራሩ አዲስ አበባ ሲደርስ

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ሙከራዋ ሲሰምር መጠኑን ለታናሽ እህቷ ወደ አዲስ አበባ ላከችላት። እህቷ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ልትወስድ ያንኑ በግራም ለክታ ጋገረች። ኩኪሱ መጀመሪያ ተነፋ፣ ከዚያ ወደቀ፤ ተዘርግቶም ደረቀ። መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ የተለወጠው አየሩ ነው።

ኡንተርሊደርባህ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ከፍ ስትል፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ያው የሶዳ መጠን የሚያወጣው ጋዝ በአነስተኛ ግፊት ሥር አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ሊጡ ሳይጠና ተነፍቶ ይፈነዳል። ሁለተኛ፣ ውሃው ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይጠናከራል፤ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ሊጡ ይበልጥ ይንሸራተታል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በሌላ ደጋ ከተማ የሚጋግር ሰው ከላይ ካለው መጠን ሶዳውን በሩብ ይቀንስ፤ ስኳሩን ከ15 እስከ 20 ግራም ያሳንስ፤ ዱቄቱን በዚያው መጠን ይጨምር፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ያክል። ጠርዙ ቶሎ ጠንቶ ቅርጹን እንዲይዝ ሙቀቱን በአሥር ዲግሪ ከፍ አድርጎ ጊዜውን በሁለት ደቂቃ ያሳጥር። ኦቨኖች ስለሚለያዩ መጀመሪያ ሦስት ኩኪስ ብቻ ጋግሮ ማየት ሊጥ ያድናል። ታናሽ እህቷ እንዲህ አድርጋ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለች፤ ድምፅዋ ብቻ ውጤቱን ይናገር ነበር።

አሠራር ከሰው ወደ ሰው፣ ከአገር ወደ አገር ሲሄድ ቃሉ ብቻ ይሄዳል፤ የስቡ ዓይነት፣ የስኳሩ እርጥበትና የአየሩ ግፊት በየቦታቸው ይቀራሉ። እያንዳንዱ ነገር የሚሠራውን ሥራ ያወቀ ሰው ግን በጎደለው ፈንታ የሚተካውን ከራሱ ጓዳ ማግኘት ይችላል፤ የአክስቴ ልጅ ከተልባ ማሰሮዋ እንዳገኘችው።

በክፍሉ በዓል ማግሥት ወረቀቱ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ተነሥቶ ነበር። የኩኪስ ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ ተመልሷል። ልጅቷ ከውስጡ ሁለቱን ራሷ መብላቷን ነገረችኝ፤ ሦስት የክፍል ጓደኞቿም እናቶቻቸው አሠራሩን እንደሚፈልጉ ልከውባታል። ማታ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ተልባን በጀርመንኛ ምን እንደሚሉት ፈልጋ በራሷ እጅ ጻፈችላቸው።